ሌሊት ዝም ያለው ማቀዝቀዣ

በስድስተኛው ሌሊት የነቃሁት ማቀዝቀዣው ዝም በማለቱ ነው። የምንተኛበትን ቫን ሐይቅ ዳር፣ ከጥዶች ሥር አቁመናል፤ ውጭው ብርድ ነው። ትንሹ የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ በየጊዜው እየተነሳ ሲያጉረመርም ጆሮዬ ለምዶት ስለነበር፣ ድምፁ ሲጠፋ ሰው ከክፍሉ የወጣ መሰለኝ። መብራቱን ባበራው እንደ ሻማ ፈዘዘ። ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሳትወጣ «ዛሬ ስንት ሆነ?» አለችኝ። ቮልቲሜትሩን አወጣሁ። 11.6።

ጥያቄዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጉዞው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ማቀዝቀዣውንና መብራቱን አጥፍቼ እነርሱን የሚመግበውን የሁለተኛውን ባትሪ ቮልት እለካለሁ፤ እርሷም የቀኑን መንገድ በምትጽፍበት ደብተር ጠርዝ ላይ ቁጥሩን ታሰፍራለች። እኔ የምለካው ለወጉ ያህል ነበር፤ እርሷ የምትጽፈው ግን ከልቧ ነው። ደብተሩን ገለጥነው፦ 12.7፣ 12.5፣ 12.4፣ 12.2፣ 12.0፣ ዛሬ ደግሞ ይኸው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ከ12 በታች ማደር ሲጀምር ዕድሜው እያጠረ ነው። ቁልቁለቱ በእጃችን ተጽፎ ሳለ እኛ የተራራውን ቁልቁለት ፎቶግራፍ ስናነሳ ሰንብተናል።

ጠዋት ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሁለተኛ ባትሪ የሚታሰረውም ለዚህ ነው። የሞተሩ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ደጋግመው ቢያሟጥጡት ቶሎ ይሞታል። ለመኝታው ክፍል የሚታሰረው በውስጡ ወፍራም የእርሳስ ሳህኖች ያሉት፣ ቀስ እያለ ለረጅም ሰዓት የሚሰጥ ዓይነት ነው። በመካከላቸው ቮልት እያየ የሚሠራ ሪሌ፣ ማለትም በራሱ የሚያገናኝና የሚለያይ ማብሪያ አለ፤ የእኔው 13.3 ሲደርስ ጠቅ ብሎ ሁለቱን ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያቸዋል። ባትሪ የሚሞላው ዲናሟቸው በኮምፒውተር በሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖች ላይ ቮልቱ ሆን ተብሎ ዝቅ ስለሚደረግ እንዲህ ያለው ሪሌ አይበቃም፤ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚያስተካክል ቻርጀር በመካከል ይገባል። የእኔ ቫን አሮጌ ነው። ከእርጅናው ያገኘሁት ጥቅም ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ባትሪው ሞቷል፤ በሚቀጥለው ከተማ ሌላ እንግዛ» አልኩ። ባለቤቴ እስክሪብቶዋን አነሳች። ማቀዝቀዣው ሲሠራ 4 አምፔር ይወስዳል፤ ከቀኑ አንድ ሦስተኛውን ቢሠራ በ24 ሰዓት 32 አምፔር ሰዓት ገደማ (አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ አንድ አምፔር ሰዓት ይባላል)። መብራት፣ ስልክና የውሃ ፓምፕ ሲደመሩ ሌላ 10። የእኛ ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ እንዲቆይልን ከፈለግን ግን ከግማሹ በላይ መንካት የለብንም። «በቀን ሁለት ሰዓት ስንነዳ ስንት ይገባለታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አዲስ ባትሪ ብንገዛስ፣ እርሱንም በስድስት ቀን አስርበን ልንጥለው ነው?

ሞተሩን ሳናጠፋ ለካን። በፊተኛው ባትሪ ላይ 14.3፣ በኋለኛው ላይ 13.2። 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ወዲያው የጠረጠርኩት ከፊት እስከ ኋላ 6 ሜትር የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ነበር፤ ሲታሰር ጀምሮ ቀጭን መሆኑን ልቤ ያውቀዋል። የመለኪያውን ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥዬ ከአንዱ ፖዘቲቭ ወደ ሌላው ፖዘቲቭ ሳሳርፈው ግን 0.4 ብቻ አሳየ። የቀረውን 0.7 ያገኘሁት በኔጌቲቩ በኩል ነው፤ ከኋለኛው ባትሪ ወደ መኪናው ሻንሲ የምትወርደው፣ ክንድ እንኳ የማትሞላ ጥቁር ሽቦ ላይ። ቡሎኑን በጣቴ ነካሁት። ሞቅ ብሏል። በዚያ በኩል 20 አምፔር ሲያልፍ 14 ዋት ያህሉ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለስድስት ቀን ባትሪውን እሞላለሁ ብዬ ቡሎን ሳሞቅ ነው የከረምኩት።

ያሰርኩት እኔው ነኝ። ቡሎኑን ቀለም በተቀባው ሻንሲ ላይ አጥብቄ ጨርሻለሁ ብዬ ሄጃለሁ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሚያልፈው የቡሎኑ ጥርስ በፋቀው ጠባብ ቦታ ብቻ ነበር፣ እርሱንም የመንገዱ ዝናብ አዝጎታል።

ሞተሩን አጥፍቼ የኔጌቲቩን ጫፍ አስቀድሜ ልፈታ ስል፣ «ቀለበትህን አውልቅ» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልክ ናት፤ በመፍቻውና በባትሪው ጫፍ መካከል የገባ ቀለበት ጣት ላይ እንዳለ በቅጽበት ይግላል። ሻንሲው ነጭ ብረት እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ የሽቦውንም ጫፍ እንዲሁ፤ አጥብቄ አሰርኩና እንዳይዝግ ላዩን ቫዝሊን ቀባሁ። ሞተሩ ሲነሳ 0.7 የነበረው ከ0.1 በታች ወረደ።

ክዳኖቹን ስከፍት ሌላ ጥፋት ጠበቀኝ። ከስድስቱ ክፍሎች በሁለቱ ውሃው ከሳህኖቹ አናት ጋር እኩል ሆኗል። ሳህኖቹን እስኪሸፍን ብቻ የተጣራ ውሃ ጨመርኩ፤ እስከ ምልክቱ የሚሞላው ባትሪው ከተሞላ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ሲሞላ ውሃው ከፍ ብሎ አሲዱን ያፈሰዋል። አሲድ አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነው። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ከአልጋችን ሥር ያለው ሣጥን ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቱቦ አለው። ቱቦውን ያኔ በትክክል ሠርቼዋለሁ። ለራሴ መመስከር ያለብኝ ነገር አለ።

በማግስቱ ሳንቆም አምስት ሰዓት ነዳን፤ በተራራው ዙሪያ ጥምጥም፣ በጭጋግ ውስጥ። ለዕይታው አልነበረም፤ የዚህ ባትሪ የመጨረሻ 20 በመቶ ፈጥኖ አይሞላም፣ ሰዓታት ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ብቻ እየነዳ የሚያቆም ሰው ሁልጊዜ ጎዶሎ ባትሪ ይዞ ያድራል፤ ሳይሞላ በከረመ መጠንም በሳህኖቹ ላይ ያለው የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረ ይሄዳል፣ የጠጠረው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ከተማ ስንደርስ ባትሪ አልገዛሁም። ባለ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ሁለት ፊውዝ ገዛሁ። ሁለት ያልኩት በስህተት አይደለም። ያ ቀይ ሽቦ በሁለቱም ጫፉ ባትሪ አለው፤ መሐሉ ተፍቆ ብረት ቢነካ ከሁለቱም ወገን ይነድዳል። ስለዚህ አንዱ ፊውዝ ከፊተኛው ባትሪ አጠገብ፣ ሌላው ከኋለኛው አጠገብ ይቀመጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ብቻ ነበረኝ፤ ከላዩ ላይ ተኝተን ስንት ሌሊት እንዳደርን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ትናንት ማታ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ አደርን። ጎህ ሳይቀድ ለካሁ፦ 12.6። ደብተሩ ላይ ስታሰፍረው «ያቺ 0.1 የት ሄደች?» አለች። ማታ የሠራው ማቀዝቀዣ ወስዷት ይሆናል አልኳት፤ እነዚያ ስድስት ቀናት ያስቀሩት ጠባሳም ሊሆን ይችላል። መልሳ ተኛች። ማቀዝቀዣውን አበራሁት፤ ተነስቶ ማጉረምረም ጀመረ።

«እባክህ አጥፋው፣ አላስተኛ አለኝ» አለች።