የገና ሰላምታ ከጅማ፦ በውጭ ያሉትንም እንጠይቅ

ውድ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ገና እኛ ዘንድ የሚውለው ቡናው ተለቅሞ ጀንፈሉ (ከነገለባው ያለው ቡና) ማድረቂያ አልጋ ላይ በሚደርቅበት፣ ብርም እጅ በሚገባበት ሰሞን ነው። አሥራቱም መባውም ይበረክታል። ስለዚህ የዘንድሮው ሰላምታችን ስለ ገንዘብና ስለ ስም ቢሆን አትቀየሙን።

ጳውሎስ ስለ ቤተ ክርስቲያን መሪ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ዝርዝር (1ኛ ጢሞ. 3፥2-7) ከማስተማር ችሎታ በቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠባይ ነው፦ ገር፣ የማይሰክር፣ የማይከራከር፣ ገንዘብን የማይወድ። እኛ ግን ሽማግሌ ስንመርጥ ዓይናችን የሚያርፈው ድምፁ ባማረው፣ ጸሎቱ በረዘመው፣ አንዳንዴም መኪና ባለው ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚያበቃው በውጭ ባሉት ሰዎች ዘንድ መልካም ምስክርነት ይኑረው በማለት ነው። ጅማ ላይ እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። እንግዲያው እጩ ሲቀርብ ሁለት ሰዎች ሄደው የሰፈሩን ባለሱቅ፣ አከራዩን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ከተቻለም ቤቱ ትሠራ የነበረችውን ልጅ ይጠይቁ። የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ከድጋፍ ደብዳቤ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ተብሎ ተጽፎ የትኛው ተሰርዟል፣ የትኛው ከመስከረም ጀምሮ እንዳለ ተቀምጧል? ማጣት ነውር የለበትም። ነውሩ ባለሱቁን ላለማየት መንገድ መቀየሩ ላይ ነው።

ምዕመኑም ቢሆን አያመልጥም። ያልደረቀ ቡና ሚዛን ላይ ይከብዳል። የተፈለፈለ ቡና እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ካልወረደ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ኪሳራውም መጨረሻ ላይ እጁ በገባ ሰው ላይ ያርፋል። ከአንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ውስጥ ውኃ ሸጦ፣ ከዚያው ላይ አሥራት አውጥቶ፣ «ጌታ ባረከኝ» ብሎ መመስከር ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የመባ ሣጥን ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን አልያዘም፤ ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ ምክንያቱንም ማንም እንዳይነቅፈን ሲል ጻፈ (2ኛ ቆሮ. 8፥20-21)። ሐዋርያው እንዲህ ከተጠነቀቀ የኛ ገንዘብ ያዥ ቅር ሊለው አይገባም። ሣጥኑ ጉባኤው ሳይበተን ይከፈት። ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይቁጠሩ፤ ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ተጽፎ ሦስቱም ይፈርሙበት፤ በማግሥቱ ሳይነካ ባንክ ይግባ፤ ሲወጣም በሁለት ፊርማ ይውጣ። የገና ዕለት ባንክ ስለሚዘጋ የዋዜማው መባ በፖስታ ታሽጎ፣ መዝጊያው ላይ ተፈርሞ፣ ቁልፉ ሁለት ሰው ዘንድ ባለ ካዝና ይደር።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በለየለት ሌባ አይመስለንም። «እሱማ ታማኝ ነው» ተብሎ ቁልፉም ደብተሩም ለዓመታት አንድ ሰው ጋ ይቀመጣል፤ ልጁ ይታመምበታል ወይ ኪራይ ይደርስበታል፤ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ያነሣል። የመጀመሪያውን ይመልሰዋል።

ክስ ሲመጣስ? በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል የሚለውን (1ኛ ጢሞ. 5፥19) ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሐሜት ያስቆማልና ደግ ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 20 ግን ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። ምስክር ከተገኘ በኋላ ጉዳዩን በሽምግልና ሸፋፍኖ ሰውየውን ወደ ሌላ አጥቢያ መሸኘት ከሁለቱም ቁጥሮች ውጭ ነው፤ የተቀባዩ አጥቢያ ሽማግሌዎችም የመሸኛ ደብዳቤውን ብቻ ይዘው ዝም እንዳይሉ፣ ለምን እንደለቀቀ ስልክ ደውለው ይጠይቁ።

መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ለቡናና ለድፎ ዳቦ ጥሯቸው፤ የሌሊቱን ድምፅ ማጉያም ቀነስ አድርጉት።