«ሃፒ» የማይባልበት በዓል

ወዳጆቼ፣ ነገ ሰኞ ሜሞሪያል ዴይ ነው። ሥራ የሌላችሁ በደንብ እረፉ። ሆስፒታል የምታድሩ፣ ታክሲ ላይ የምትውሉ፣ በሰላም ግቡ። እንኳን አደረሳችሁ ልል ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

አሜሪካ በመጣሁ በጥቂት ዓመቴ የአጥር ጎረቤታችንን «ሃፒ ሜሞሪያል ዴይ!» ብያቸው ነበር። ጽጌረዳቸውን እየቆረጡ ነው። መቀሱን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ቀን እኮ የሞቱት ልጆች ቀን ነው» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳን ደስ አላችሁ ያልኩ ያህል ደነገጥኩ። የበዓሉን ስም አውቀው ነበር። የዜግነት ፈተናው ያኔ ሁለት ብሔራዊ በዓላት ጥቀስ ይል ስለነበር ሸምድጄዋለሁ። ምንነቱን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከቴሌቪዥን የማውቀው የፍራሽና የመኪና ቅናሹን ነው።

ልጆቼ «እማማ» ነበር የሚሏቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሳውዝ ካሮላይናዋ የቻርልስተን ልጅ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ዐረፉ። መልእክቴ ስለ እሳቸው ነው።

ያኔ «ሃፒ» ባልኳቸው ዕለት ማታ በአንድ እጃቸው የቻርልስተን ቀይ ሩዝ፣ በሌላው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዘው መጡ። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ብላይት በ2001 ያሳተመው «ሬስ ኤንድ ሪዩኒየን» ነው። አንድ ገጹ ታጥፏል።

እዚያ ገጽ ላይ ያለው ታሪክ ይሄ ነው። ቻርልስተን ውስጥ የባለጸጎች የፈረስ መሮጫ ነበረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጨረሻ ባርነት እንዳይቀር የተዋጉት ደቡቦቹ እስር ቤት አደረጉት። የተማረኩ የሰሜን ወታደሮች ሜዳ ላይ ታጉረው ቢያንስ 257ቱ አለቁ። ከተመልካቾች መቀመጫ ጀርባ በጅምላ ተቀበሩ። ከተማዋ ስትለቀቅ ብዙው ነጭ ሸሸ። ገና ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ቀሩ። ከእነሱ መሃል 28 ሠራተኞች ሄደው ሙታኑን እንደ ወጉ እንደገና ቀበሩ። ዙሪያውን አጠሩ፣ አጥሩን ኖራ ቀቡት፣ በሩ ላይ «የፈረስ ሜዳው ሰማዕታት» ብለው ጻፉ። ሜይ 1 ቀን 1865 ወደ 10 ሺህ ሰው ወጣ። ከፊት የሄዱት 3 ሺህ ተማሪዎች ናቸው፤ ጽጌረዳ ታቅፈው፣ ባርነትን ሲታገል ስለተሰቀለው ስለ ጆን ብራውን እየዘመሩ። አስቡት፣ በባርነት ዘመን ለእነዚህ ልጆች ፊደል ማስቆጠር በዚያ ግዛት በሕግ የተከለከለ ነበር።

ከዚያ ተረሳ። በ1868 ጄኔራል ጆን ሎጋን ሜይ 30 በመላ አገሪቱ የወታደሮች መቃብር ላይ አበባ ይቀመጥ አሉ። በ1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የበዓሉ መነሻ የኒው ዮርኳ ዋተርሉ ናት ብለው ፈረሙ። ብላይት የቻርልስተኑን ወሬ ያገኘው ሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ካልተደረደረ የአርበኞች ወረቀት መሃል ነው። የመጀመሪያው የትኛው ነው የሚለውን ምሁራን ይከራከሩበት። እኔ ልቤ የሚቀረው 28ቱ ሰዎች ጋ ነው። የቀበሩት ዘመዳቸውን አይደለም።

ሜዳው ዛሬ መናፈሻ ነው። የተሰየመውም በደቡቡ ጄኔራል በዌድ ሃምፕተን ስም ነው። እማማ ያደጉት እዚያው አጠገብ ነበር። ከታጠፈው ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብለዋል፦ «በዚህ በር በየቀኑ አልፌያለሁ። ማንም አልነገረኝም።»

አስተማሪ ነበሩና ያ ነገር ይቆጫቸው ነበር። አምና ዋሽንግተን ወደ ኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ይዘውን ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ያለውን ድንጋይ በከዘራቸው ጠቆሙን። ጦር ከላኩትና ከረዱት 22 አገሮች ስም መሃል «ኢትዮጵያ» ተቀርጿል። ለልጆቼ «ይኸው፣ የእናንተም ሰዎች አሉበት» አሏቸው። ስለ ቃኘው ሻለቃ ከእኔ በፊት የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። አባቶቻችሁ እዚያ የዘመቱ፣ ነገ እናንተንም አስባችኋለሁ።

አሁን ምስጋናዬ። መጋቢት ላይ በቀብራቸው ቀን ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ። እዚህ አገር አፈሩን የሚመልሱት ብዙ ጊዜ ሠራተኞቹ ናቸው። የእኛ ሰዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። ታክሲ የምትነዳው ወንድሜ፣ «አካፋ ይሰጡናል?» ብለህ የጠየቅከው አንተ ነህ። አምስታችሁ ኮታችሁን አውልቃችሁ ተራ በተራ አፈር መለሳችሁ። የእማማ ልጅ ዝም ብሎ ሲያያችሁ ቆየ። ከዚያ የራሱን ኮት አውልቆ እጁን ለአካፋው ዘረጋ። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የዕድራችን ሴቶች፣ በስም እንኳ ለማታውቋቸው ቤተሰብ ሦስት ቀን ሙሉ ቡናና ዳቦ ይዛችሁ ተመላለሳችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ብድራችሁን በደስታ ቀን ይመልሰው።

ነገ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት፣ በእኛ 9 ሰዓት መሆኑ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ አለ። ግሪሉ ጋ ያላችሁ ሥጋውን ለአፍታ ተዉትና ልጆቹን ጥሯቸው። ስለ 28ቱ ሰዎች ንገሯቸው። ዘንድሮ ሐዘን የገባባችሁ ደግሞ፣ ያጣችሁትን ሰው ስም ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጥሩ። መጽናናቱን ይስጣችሁ።

የእማማ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ምልክቱ ከጽጌረዳው አጠገብ ተተክሏል። ልጃቸው ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ አበባው የእናንተ ነው ብሎናል። ነገ ጠዋት ልጆቼ ቆርጠው መቃብራቸው ላይ ያኖራሉ። ትልቋ ግማሹን ለይታ አስቀምጣለች። ከእማማ ጎን የአንድ ወታደር መቃብር አለ፤ በሄድን ቁጥር አበባ ኖሮበት አያውቅም።