ቤት ስፈትሽ የምከተለው ውሃውን ነው

ቤት ለመፈተሽ ስጠራ ከሳሎን አልጀምርም፤ ሳሎን ምንጊዜም ተቀብቶና ተወልውሎ ነው የሚጠብቀኝ። መጀመሪያ ውጭውን አንዴ ራቅ ብዬ፣ አንዴ ተጠግቼ እዞራለሁ። የምፈልገው እዚህ የሚዘንበው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የተላጠ ቀለም፣ ያበጠ በር፣ የለቀቀ ሴራሚክ፣ የዛገ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ለየብቻቸው ሲታዩ የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ፤ ምንጫቸውን ሲከተሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ መድረሻው ውሃ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ? ቤትም ላይ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከተቻለ ዝናብ እንዳባራ እሄዳለሁ፤ በደረቅ ወቅት ከሆነ ደግሞ አሸንዳው ላይ አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ አፈሳለሁ።

በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ማለት አለበት። በዓይን አይገመትም። ከግድግዳው ሥር ክር ወጥሬ በውሃ ልክ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ከክሩ እስከ መሬት ያለውን እለካለሁ። ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ንጣፍ ነው። መሠረቱ ሲሠራ የተቆፈረው ጉድጓድ አፈር ሲመለስበት በደንብ ስላልተጠቀጠቀ ቆይቶ ይሰምጣል፤ ንጣፉም አብሮት ይወርዳል። የአሸንዳው ቱቦ ደግሞ እዚያው መሠረቱ ሥር ከደፋ የጣሪያው ውሃ በሙሉ አንድ ማዕዘን ላይ ይጠራቀማል። ቢያንስ 1.5 ሜትር ማራቅ ቀላሉና ርካሹ ጥገና ነው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው።

ሰው በጣም የሚደነግጠው በስንጥቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በማያስደነግጠው ስንጥቅ። ልስን ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፀጉር መሰል መስመር ልስኑ ሲደርቅ የተኮማተረበት ነው። በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) እና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም ሁለቱ ነገሮች እኩል ስለማይሰፉና ስለማይኮማተሩ የመጣ ነው፤ ልስኑን አንስቶ መጋጠሚያው ላይ ሽቦ ወንፊት መምታትና እንደገና መለሰን ይበቃዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወጣው፣ አንዱ ጫፉ ሰፍቶ ሌላው የጠበበው፣ ወይም በጣት ሲዳሰስ አንዱ ወገን ከሌላው ወጣ ያለው ነው። ይህ መሠረቱ በአንድ በኩል መቀመጡን ይጠቁማል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ስትራክቸራል መሐንዲስ ሳያየው አይሞላ።

በሁለቱ መሃል ያለውን፣ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስንጥቅ ደግሞ እከታተለዋለሁ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፣ ቀን እጽፋለሁ፣ ግራና ቀኙ ላይ ነጥብ አድርጌ ርቀታቸውን በሚሊ ሜትር እመዘግባለሁ። በክረምትና በበጋ ተለክቶ ካልተለወጠ ቆሟል ማለት ነው። ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ግን በየወቅቱ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል፤ በአንድ ልኬት አይፈረድም።

ከሶሌታ (ከአርማታ ወለል ወይም ጣሪያ) ሥር ፌሮውን ተከትሎ የሚሄድና ቡናማ ቀለም የሚያወጣ ስንጥቅ ከሁሉም ይለያል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። እሱ ላይ ስቱኮና ቀለም መቀባት ችግሩን መደበቅ ብቻ ነው። አርማታው ከፌሮው ጀርባ ድረስ ተፈልፍሎ፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ በጥገና ሞርታር መሞላት አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን ከላይ የሚወርደው ውሃ መቆም አለበት።

እርጥብ ግድግዳ ላይ የምፈርደው ከከፍታው ነው። ከወለል ተነሥቶ እስከ 1 ሜትር አካባቢ የሚደርስና ጠርዙ ላይ ነጭ ጨው የሚታይበት ከመሬት የተሳበ ነው። የላይኛው ማዕዘን ላይ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚጠቁረው ደግሞ የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ጤዛ ነው፤ መድኃኒቱ አየር ማዘዋወር እንጂ ግድግዳ ማፍረስ አይደለም። ካጠራጠረኝ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቄ እለጥፋለሁ፤ በማግስቱ አየዋለሁ። ግድግዳውን የነካው ፊት ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው እየመጣ ነው፤ ወደ ክፍሉ ያለው ፊት ከሆነ ጤዛ ነው። የእርጥበት መለኪያን ብቻ አምናችሁ አትወስኑ፤ ጨው ያለበት ግድግዳ ደረቅ ሆኖም ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴራሚኩን በብሎን መፍቻ እጀታ አንኳኳለሁ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሲሚንቶ አልያዘውም። ከታች ያለው ኮርኒስ ላይ ነጠብጣብ ካለ ጥያቄው ውሃው የመጣው ከመስመሩ (ንጹሕ ውሃ ከሚያመጣው ቧንቧ) ነው ወይስ ከፍሳሹ የሚለው ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን ለ30 ደቂቃ እጠብቃለሁ። የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ግን አስቀድሜ አጣራለሁ፦ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሬ፣ ውሃ ሳይለቀቅ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው ያሳልፋል። ቆጣሪው ከዞረ መስመሩ ያፈሳል። ካልዞረ የሻወሩን ፍሳሽ ደፍኜ ወለሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ እይዛለሁ፣ ከፍታውን ምልክት አድርጌ 24 ሰዓት እተወዋለሁ። ከቀነሰና ከታች ከረጠበ የውሃ መከላከያው ሽፋን ተበጥሷል፤ የሴራሚክ ፉጋ መሙላት አይጠግነውም።

የፍሳሽ ሽታ እንዳይገባ ሲፎኑ (ከፍሳሹ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ መቆም አለበት። ውሃ ስጨምር ሽታው ጠፍቶ ከቀረ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ እያንቋረረ ከተመለሰ ግን ብዙ ጊዜ የፍሳሽ መስመሩ አየር መተንፈሻ የለውም ማለት ነው፤ ውሃውን እየሳበ ይጨርሰዋል።

ኤሌክትሪክ ላይ የማየው የመጀመሪያ ነገር የብሬከሩና የሽቦው መጣጣም ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ካገኘሁ ታሪኩን እገምታለሁ፦ የቀድሞው እየዘለለ አስቸገረ፣ አንድ ሰው በትልቅ ለወጠው። አሁን ከብሬከሩ በፊት የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ለ2.5 ከ20፣ ለ1.5 ከ16 አምፔር አልፌ አልቀበልም። ሶኬት መፈተሻው ግራውንድ (የመሬት መስመር) አለ ብሎ ሲያበራም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ግራውንድ ያልተዘረጋለት ሶኬት ውስጥ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር በቁራጭ ሽቦ ካገናኙት መፈተሻው ትክክል ነው ይላል፤ ኒውትራሉ የተቋረጠ ዕለት ግን የዕቃው ብረት አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል። ዋናውን አጥፍቼ፣ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጬ፣ ጥቂት ሶኬቶችን ከፍቼ አያለሁ። የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያጠፋው) ካለም የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭኜ እሞክረዋለሁ።

ቦይለር ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ አንድ ነገር ግን ሳላይ አልሄድም። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ስለሚንጠባጠብ ብቻ ጫፉ በታፓ ተደፍኖ ካገኘሁ ቦይለሩ ወዲያው ከኤሌክትሪክ እንዲለያይ አደርጋለሁ። ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ከተበላሸ ግፊቱ የሚወጣበት ሌላ በር የለውም።

ሪፖርቱ ላይ «ግድግዳው እርጥብ ነው» ብዬ አልጽፍም። የት፣ ከወለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃው ከየት እንደመጣና በምን እንዳረጋገጥኩት እጽፋለሁ፤ ፎቶውን ሳነሳም ሜትር አስደግፌ ነው። የጥገናውን ቅደም ተከተልም አስቀምጣለሁ፦ አደጋ ያለው ኤሌክትሪክና ቦይለር ዛሬውኑ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ አሸንዳና የውጭ መሬት፣ ከዚያ ቧንቧ። ልስንና ቀለም ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ይህም ወራት ሊወስድ ይችላል።