በሁዳዴ የተገዛ ጉበት

የአምስት ወር ቡችላዬን መከታን «ቁጭ በል» ማስተማር የጀመርኩት በሁዳዴ መሆኑ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ያውም ጠባሴ ላለ ጿሚ ቤተሰብ፣ በ55ቱ ቀናት ውስጥ ቡችላ የሚያጓጓ ነገር ከጓዳ ማግኘት ከባድ ነው። የገብስ ቆሎ ብሰጠው አንዷን ፍሬ በምላሱ አገላብጦ ጫማዬ ላይ መለሰልኝ። ዳቦውን በላልኝ፤ ለዳቦ ብሎ ግን የሚታዘዝ አልሆነም። ምስር ወጥ የነካው እንጀራ እንዳልሰጠው ደግሞ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም እንደሚጎዱ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ የበግ ጉበት ገዛሁ። ሻጩ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳይጠይቀኝ «ለውሻ ነው» አልኩት። «እሺ ወንድሜ» አለኝ፤ «እሺ»ዋን ግን ረዘም አደረጋት።

ባለቤቴ ለጾም የታጠበ ድስቷን አላስነካ ስላለችኝ፣ ጉበቱን ደጅ ከሰል አያይዤ በቲማቲም ቆርቆሮ ቀቀልኩት። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ከጠባሴ ብርድ ጋር ተዳምሮ ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ጨውም ቅመምም አልነካውም። ሲቀዘቅዝ በአተር ፍሬ ልክ ከትፌ በስባሪ ምጣድ ላይ ላዩ እስኪደርቅ አመስኩት። ማሳነሴ ከስስት አይደለም፤ ለሥልጠና የሚሰጠው ጉርሻ ከቀን ምግቡ ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል፣ ጉበት ሲበዛ ደግሞ ቫይታሚን ኤው ራሱ ይጎዳል።

መከታ በሁለት ቀን «ቁጭ በል»ን አወቀ። ጉርሻው ትእዛዙን በፈጸመ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰው ግን ለምን እንደተሸለመ አይገባውም፤ በዚህም ምክንያት ጉበቱ ከካፖርቴ ኪስ የማይለይ ሆነ።

ቅዳሜ ጎረቤት ለቅሶ ልደርስ ስወጣ የግቢውን በር በደንብ አልዘጋሁትም ኖሯል። ድንኳን ገብቼ ገና ቆሜ ሳለሁ የእድራችን ዳኛ «ቁጭ በል እንጂ ልጄ» አሉኝ። ከእኔ በፊት ከኋላዬ ቁጭ ያለው መከታ ነበር። ዓይኑን ኪሴ ላይ ተክሎ ጅራቱን ሣሩ ላይ ያወዛውዛል። እጄም ሳላስበው ገብቶ ወጣ፤ ጎረስ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሰው በገባ ቁጥር «ቁጭ በሉ» ይባላል፤ መከታ ብድግ ብሎ እንደገና ቁጭ ይላል፤ ዝም ካልኩት መጮህ ስለሚጀምር እከፍላለሁ። ፋታ ያገኘሁት ሽማግሌዎች ሲገቡ ብቻ ነው፤ ለእነርሱ «ይቀመጡ» ይባላል፤ መከታን ያስተማርኩት ደግሞ በአንተ እንጂ በአንቱ አይደለም።

የእድሩ ጸሐፊ መዋጮ ሊሰበስብ ሲደርስ ያወጣሁት የመቶ ብር ኖት ላይ ሁለት ፍርፋሪ ጉበት ተለጥፎ ነበር፤ ሦስተኛው ዳኛው በያዙት የንፍሮ ሳሕን ውስጥ ወደቀ። ዳኛው በሁለት ጣታቸው አንሥተው አሸተቱት።

«ምንድን ነው?»

«የውሻው ነው፣ ጋሼ።»

የውሻውን ፊት አዩ፤ የእኔን እጅ አዩ፤ ከዚያም ለጸሐፊው ብቻ የሚሰማ በመሰላቸው ድምፅ «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» አሉ።

እቤት ስደርስ ባለቤቴ ካፖርቱን አንድ ጊዜ አሽትታ ደጅ ሰቀለችው። ጠዋት ስወጣ የቀኝ ኪሱ ከነመልሴ ሃምሳ ብር የለም፤ መከታ ማንም ሳያዘው ከካፖርቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።