ሐረጎ ላይ ሁለቴ የጠፋው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣሁት በአጎቴ አይሱዙ ነው። ቆርቆሮ ጭነናል። ሐረጎ ዳገት ላይ ከፊታችን ያለው ሲኖ ትራክ ሲቆም እኛም ቆምን። ልንነሳ ስንል ሞተሩ ድርግም አለ። አስነሱት፤ ደግሞ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ሚኒባሶች ጡሩምባውን አቀለጡት።

«ሚኒሞውን አስወርጄው ነው» አሉ አጎቴ፣ ትንሽ አፈር ብለው። ሚኒሞ የሚሉት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር ነው። «ናፍጣ በዚህ ዋጋ! አብሽር፣ ሲሞቅ ይተወዋል።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «የእናንተ አውሮፕላንስ ሚኒሞ አለው?»

ሥራዬ የጄት ሞተር ጥገና ነው። አለው እንዴ! ጣጣውም ከአይሱዙ ይብሳል።

ጄት ፍሪሲዮን የለውም። አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር የሚያዞረው ተርባይኑ ነው፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ደግሞ ያው የታመቀው አየር ከነዳጅ ጋር ሲነድ ነው። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ አየሩም ትንሽ ነው፣ ሞተሩ አውሮፕላኑን የሚገፋበት ግፊትም ከሙሉው አስር በመቶ አይሞላም። በዚህ ሰዓት ነዳጅ ብትደፋበት ወይ ተርባይኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ ወይ አየሩ ወደ ፊት ተመልሶ ሞተሩ እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ነዳጁን እየቆነጠረ የሚሰጠው። መጀመሪያ ላይ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ከዚያ በአንዴ ያጓራል።

የአሜሪካ ሕግ ሞተሩ ከበረራ ሚኒሞ፣ ማለትም አየር ላይ እያለ ከሚይዘው ዝቅተኛ ዙር፣ ተነስቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከመሬት ለመነሳት ከተመደበለት ግፊት 95 በመቶውን እንዲሰጥ ያስገድዳል። 5 ሰከንድ ቀላል ይመስላል፤ ዛፍ ከፊትህ ካለ ግን አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ኤርባስ ኤ320 ለትርኢት ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሞተሮቹ የበረራ ሚኒሞ ላይ ነበሩ። ፓይለቱ ጉልበት ሲጠይቅ ሞተሮቹ የሚችሉትን ያህል ሰጡ። ጫካው ቀደማቸው። 3 ሰው ሞተ።

«ታዲያ ከፍ አድርጎ መተው ነዋ!» አሉ አጎቴ።

እሱም አይሆንም። ከፍ ካለ አውሮፕላኑ አልወርድም ይላል፤ መሬት ላይም ፍሬን ይበላል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ሚኒሞ አለው። መሬት ላይ ዝቅ ይላል። ለማረፍ ሲቃረብ ከፍ ይላል፣ ፓይለቱ ሐሳቡን ቀይሮ ልነሳ ቢል ሞተሩ ተኝቶ እንዳይገኝ። ቦይንግ 737 ላይ ጎማው መሬት ከነካ በኋላም ለጥቂት ሰከንድ እዚያው ይቆያል።

ኮምቦልቻ የሚያርፈው ኪው400 አውሮፕላን ፕሮፔለር ስላለው ነገሩ ይለያል። ያንን ልጀምርላቸው ስል ሲኖው ተንቀሳቀሰ።

ሰኞ ጋራዥ ገብተው ሚኒሞውን ከፍ አስደረጉት። የናፍጣውን ልዩነት ከእኔ እንደሚቀበሉ ነግረውኛል።