እቴቴ «ቀይ ነገር ጽፏል» ብለውኝ ነበር

በገና ዋዜማ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወጣ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እኔ ነኝ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ፀሐይ ወጥታም ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ይቆያል። እኔን እዚያ ያወጣኝ የ4 ሜትር ኬብል ነው።

እቴቴ የላሊበላን በዓል በቀጥታ ስርጭት ከእንግዳ ጋር ለማየት ቴሌቪዥኑ ከጓዳ ወደ ሳሎን ይውጣ አሉ። ወጣ። የዲሹ ገመድ ግን አልደረሰም። ቁራጭ ኬብል ፈልጌ፣ መሀለኛውን ሽቦ ከመሀለኛው፣ ዙሪያውን የሸፈነውን የሽቦ መረብ ከመረቡ ጠመዘዝኩና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። የአምፖል ገመድ ቢሆን ይህን ይቀበል ነበር። የዲሽ ገመድ ግን በአንድ መሀለኛ ሽቦ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ምስሉን ከዲሹ ያወርዳል፣ ኤሌክትሪኩን ከሪሲቨሩ ወደ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከሳህኑ ፊት ወዳለው ምልክት ተቀባይ፣ ያወጣል። ኤልኤንቢው ቀለቡን የሚያገኘው ከዚያ ብቻ ነው፤ ሞገዳቸው ቆሞ ለሚመጣ (ቨርቲካል) ቻናሎች 13 ቮልት፣ ተጋድሞ ለሚመጣው (ሆሪዞንታል) 18። ከመረቡ አንዲት የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ አፈንግጣ መሀለኛውን ከነካች ሾርት ነው፤ ኃይሉ ኤልኤንቢው ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል።

ሪሲቨሩን ከፈትኩ። ምስል የለም።

«ቀይ ነገር ጽፎ ጠፋ» አሉ እቴቴ።

«ይተዉት እቴቴ፣ የማታው ንፋስ ዲሹን አዙሮት ነው» አልኩ፣ እንደ ባለሙያ።

ያ ቀይ ነገር «የኤልኤንቢ ሾርት» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ሪሲቨሩ ለጥቂት ሰከንድ ያሳየዋል፤ ከዚያ ራሱን ለማዳን ወደ ገመዱ የሚልከውን ኃይል ይቆርጣል። የእቴቴን ቃል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሳሎን ውስጥ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን የ13 ቁልፍ ይዤ መሰላል ወጣሁ። የምሰሶውንም የከፍታውንም ዳዶ አላላሁ። ከማላላት በፊት ዲሹ የቆመበትን ቦታ በምስማር መጫር እንዳለበት የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። አልጫርኩም።

ግማሽ ሰዓት ዲሹን አዟዟርኩ። ማሙሽ በር ላይ ቆሞ «የለም! የለም! የለም!» ይላል። መብራት በጠፋበት ቤት አምፖል እየቀያየሩ መፈለግ እንዲህ ነው። በመጨረሻ ጆሮዬ ሲደነዝዝ ቴስተር አስወጣሁና ኮኔክተሩን ከኤልኤንቢው ፈትቼ በመሀለኛው ሽቦና በኮኔክተሩ ብረት መካከል ለካሁ። ዜሮ።

ወረድኩ። ፕላስተሩን ስፈታው ያቺ ፀጉር እዚያው ተኝታለች።

መቀጠያው እንዲህ መሠራት ነበረበት። ሪሲቨሩ በሪሞት ሳይሆን ከሶኬት ተነቅሎ ይጠፋል። የእያንዳንዱ ገመድ ውጫዊ ላስቲክ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይላጣል፤ መረቡ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ነጩ ፕላስቲክ ይቆረጥና ኮኔክተሩ ይጠመዘዛል። መሀለኛው ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወጣል። ካጠረ አይነካም፣ ከረዘመ የሶኬቱን ውስጥ ያበላሻል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በበርሜል መቀጠያ ማጋጠም ነው፤ ቁራጯ መቀጠያ ከጣት አትበልጥም። መቀጠያው ውጭ ከዋለ ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ ይጠቀለላል። ውኃ የገባው ኮኔክተር ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል፤ 18 ቮልቱም መንገድ ላይ ይቀራል። የኢትዮጵያ ቻናሎች የሚወርዱበት የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ 11105 ሆሪዞንታል ነው፤ ቮልቱ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠፉት የእኛው ቻናሎች ናቸው ማለት ነው።

(ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ የብረት ሽቦ አለ። ማግኔት ሲያስጠጉት ከተሳበ፣ ለረጅም ገመድ አይግዙት። ደግሞ ኤልኤንቢው ሳይሰካ የተለካ ቮልት ያታልላል፤ ጭነት ሲሰጠው ነው እውነቱ የሚወጣው።)

እንዲህ አድርጌ ቀጥዬ ስለካ 18 ሞላ። ኃይል አለ፣ ዲሹ ግን የት እንደሚያይ እግዜር ይወቀው። ይህን ሁለተኛ ብልሽት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 28 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ፣ ከአድማስ ወደ 67 ዲግሪ ከፍ ይላል። በገና ሰሞን ፀሐይ የምትወጣበትን ነጥብ ካስታወሱ አቅጣጫው ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ዲሹ ግን ፊት ለፊት የሚያየው ከ67 ዝቅ ያለውን ነው፣ ሳህኑ ኦፍሴት (ምልክቱን ከላይ በሰያፍ የሚቀበል) ስለሆነ፤ በዓይን ሲታይ ግማሽ የተጋደመ ሰፌድ ይመስላል። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ዕይታው ጠባብ ነው፤ ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ አንድ ዲግሪ ሄደ ማለት ነው፤ በሁለት ዲግሪ ስህተት ምስሉ የለም። ስለዚህ ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ። ሪሲቨሩ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ማሙሽ «ጥ... 78!» ብሎ ጮኸ።

በደስታ ዳዶዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ። ወርጄ ሳይ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ጥንካሬና ጥራት። ማሙሽ «ጥንካሬ 78» ብሎ ጮኾ ንፋሱ መሀሉን በልቶ «ጥ... 78» አድርጎ አደረሰልኝ። ጥንካሬው የሚናገረው ኤልኤንቢው ኃይል ማግኘቱንና ገመዱ ደህና መሆኑን ብቻ ነው፤ ባዶ ሰማይ እያየም ይሞላል። ሳተላይት መገኘቱን የሚናገረው ጥራቱ ነው። ያ ደግሞ ዜሮ ነበር።

እንደገና ወጣሁ። አሁን ስምምነት ተደረገ፦ ጥንካሬ አይጠራም፣ ጥራት ሲመጣ ድስት ይመታል። ከፍታውን አንድ ቦታ ይዤ ሳህኑን ከግራ ወደ ቀኝ በጥቂቱ፣ ከዚያ ከፍታውን በትንሹ ቀይሬ እንደገና። አራተኛው ዙር ላይ ድስቱ ተመታ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ኤልኤንቢውን ራሱን በመያዣው ውስጥ ሳሽከረክረው ጥራቱ ከ41 ወደ 66 ወጣ። ዳዶዎቹን አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ሳልሄድ፣ ተራ በተራ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ አንዱን ብቻ ካጠበቁት ሳህኑን ይዞት ይዞራል። ማጠበቁ አራት ነጥብ በላብኝ፣ 62 ላይ ቆመ።

ስገባ እቴቴ ጋቢያቸውን ደርበው ላሊበላን እያዩ ነው። ዓይናቸውን ሳያነሱ፦

«አንተ ልጅ፣ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ጓዳው ትመልሰዋለህ አይደል?»