ካርማን ጊያዬን ከኋላ ከፍ አደርጋለሁ ብዬ ያቃጠልኩት ቅዳሜና እሁድ

እዚህ ሜሪላንድ የገዛኋት የ1971 ካርማን ጊያ (የቮልስዋገን ቄንጠኛ መኪና) ከኋላ ወርዳ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራትም ነበር። የቀድሞ ባለቤቷ ለማሳመር ብሎ ነው ዝቅ ያደረጋት። የኋላ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ዘመም ብለው የውስጥ ጠርዛቸው ተበልቷል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሳይለኩ «ቶርሽን ባሩ ደክሟል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። ኋላዋን የሚሸከመው ይሄ ብረት ግን ምንም አልሆነም!

ከላይ ብታምርም ከታች ያው ቮልስ ናት። ከኋላ ሞላ የላትም፣ የሚሸከማት የሚጠመዘዝ ብረት ነው። የብረቱ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጪው 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወዲህ፣ ውጪውን አንድ ጥርስ ወዲያ ስታዞሩ ልዩነቱ 0.8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ከፍታዋ የሚስተካከለውም በዚህ ነው። ያሰበው ሰው ጭንቅላት አለው።

ጎማ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ክዳን መፍታት ቀላል ነው። ስፕሪንግ ፕሌቱ (በብረቱ የውጪ ጫፍ ተሰክቶ ወደ ጎማው የሚሄደው ጠፍጣፋ ብረት) ግን ከማረፊያው ሲለቅ በኃይል ስለሚወረወር ከስሩ ክሪክ ሳትደግፉ እንዳትነኩት።

ቅዳሜ የኋላዋን ብቻ አንስቼ ግራውን ሠራሁ። ፕሌቱ ስንት ዲግሪ እንዳዘቀዘቀ በስልኬ ለካሁ፣ የጥገና መጽሐፉን ቁጥር አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። እሁድ ወገቤን ስላመመኝ የፊቷንም አነሳሁና ቀኙን በዚያው ቁጥር ገጠምኩ። ሳወርዳት ግራው ከቀኙ 3 ሳንቲም ከፍ ብሎ ቁጭ! ሲነዳ ይስተካከላል ብዬ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ ያው እንደተንጋደደች ተመለሰች። አዲስ አበባ፣ ቮልስ ሲፈቱ ሲገጥሙ ያረጁ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ ሳቁብኝ።

«ከመሬት ነው የለካኸው? መሬቱ ምን አገባው! ከበሩ ስር ካለው ጠርዝ ለካ እንጂ ልጄ።»

ቅዳሜ አፍንጫዋ ተደፍቶ ነበር፣ እሁድ ቀና ብላለች፣ እኔ ለሁለቱም አንድ ቁጥር። የሚያናድደው መጽሐፉም ይሄንኑ ይላል፣ ስዕሉን ብቻ አይቼ ዘልዬው ነው እንጂ። ግራውን እንደገና ፈታሁ፤ 5 ጥርስ ወዲህ፣ 5 ጥርስ ወዲያ፣ 4 ዲግሪ መለስኩ።

ቢሆንም የመጽሐፉን ቁጥር እንደ ወንጌል አትያዙት። ብረቱ 50 ዓመት አልፎታል። ከመፍታታችሁ በፊት የራሳችሁን መኪና ዲግሪ ጻፉ፣ ጥርሱን በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ላይ ጨምሩ። የግራና የቀኝ ብረት አይቀያየርም። የፕሌቱን የጎማ ቡሾችም በዚያው ቀይሩ፣ ሁለተኛ ለመፍታት ማን ጉልበት አለው? ስትጨርሱ ጎማ አሰላለፉን አስለኩ።

አሁን የግራና የቀኝ ልዩነት 4 ሚሊ ነው። ያ ጋራዥ ለ«ምርመራ» የተቀበለኝን ብር ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።